ውሃው የት ሄደ ብለህ ጠይቅ
ሞተር ለሚሞቅበት ወጣት አሽከርካሪ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ መኪናህ እየሞቀች እንዳስቸገረችህ ሰምቻለሁ። ጠዋት ራዲያተሩን ሞልተህ ትወጣለህ፤ ከመስቀል አደባባይ ወደ ኡራኤል የሚሄደው ሰልፍ ውስጥ ስትገባ መርፌዋ ከፍ ትላለች፤ ካዛንቺስ ስትደርስ ጀሪካንህን አውጥተህ ትጨምራለህ፤ ማታም ትደግመዋለህ። እንዲህ የሚያደርገው ሾፌር ብዙ ነው። በቂርቆስ ጋራዦች ውስጥ ሽበት ያወጣሁ ሰው ነኝና፣ ከሞተር ሞት ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ ለወራት ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ ሰሚ ያጣው ነው።

ከድሮው ይልቅ ዛሬ አጥብቄ የምነግርህ ምክንያት አለኝ። መኪና መተካት ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለችህ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ገና ለዓመታት ልታገለግልህ ነው። ሠፈሩም ተለውጧል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሠፈር ሄደ፤ በየቅያሱ የነበሩት ትናንሽ ሥራ ቤቶችም አብረው ተነሡ። መኪናህን ለዓመታት የሚያውቃት መካኒክ ዛሬ በአጠገብህ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የሕመሟን ታሪክ አንተው ልታውቅላት ይገባል። ምክሬን ተራ በተራ እነሆ።

1. መርፌዋ ወደ ቀዩ ስትጠጋ ቁም።

«ጋራዥ እስክደርስ ብቻ» የሚለው ሐሳብ ስንቱን ሞተር ፈጅቷል። መርፌዋ ከለመደችው ቦታ ከፍ ማለት ስትጀምር ኤሲውን አጥፋ፤ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈትና ንፋሱን በሙሉ ኃይሉ ልቀቀው። ማሞቂያው ራሱን የቻለ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። አንተ ትንሽ ያልብሃል፤ ሞተሩ ግን ይተርፋል። መርፌዋ ከወረደች ቀስ ብለህ ከሰልፉ ውጣና ጥግ ያዝ። ካልወረደች፣ ቀዩን ከነካች፣ ወይም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ከወጣ ሞተሩን እዚያው አጥፋ። ሁለቱንም ፍሬቻ አብራ፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከኋላህ አስቀምጥ። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ቢያደርግም አትደንግጥ፤ መኪናዋን ወደ ዳር እንዲገፉልህ ለምን።

እንዲህ የምቸኩልበት ምክንያት ይህ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴስታታ አሉሚኒየም ሲሆን፣ የታችኛው ብሎክ በብዙዎቹ ላይ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ቴስታታው ይጣመማል፤ በመካከል ያለውን ጓርኒሲዮን ይጎዳል። በአንድ ራዲያተር ክዳን ዋጋ ይድን የነበረው ሞተር፣ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ችኮላ ሲባል ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ይገባል።

2. ትኩስ ክዳን አትንካ።

ይህ የአካልህ ጉዳይ ነውና በደንብ አድምጠኝ። አዲስ አበባ መሐል ከተማው ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍ ይላል። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እኛ ዘንድ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሽንብራና ሥጋ ለመብሰል ጊዜ የሚወስድብንም በዚሁ ምክንያት ነው። ሞተር ግን በዚያ ልክ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ይይዛል፤ 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን በእኛ ከተማ የውሃውን መፍያ ወደ 114 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ያደርገዋል።

አሁን አስበው። ውስጥ ያለው ውሃ 105 ዲግሪ ላይ ነው፤ ፈሳሽ ሆኖ የቆየው በክዳኑ ኃይል ብቻ ነው። ስትከፍተው ግፊቱ በቅጽበት ይወድቃል፤ በ92 ሊፈላ የሚገባው ውሃ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ከእንፋሎቱ ጋር ፊትህ ላይ ይወረወራል። በዚህ መንገድ ፊታቸውና ደረታቸው የተቃጠለ ሰዎች አይቻለሁ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅህ መያዝ ስትችልና ስትጨምቀው ለስላሳ ሲሆን፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነህ፣ ፊትህን ወደ ጎን አዙረህ ቀስ ብለህ ፍታ። የጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ሙላ።

3. መርፌዋን ብቻ አትመን።

የሙቀት መለኪያው የሚያነበው የተነከረበትን ውሃ ነው። ውሃው ካለቀ በባዶ ወይም በእንፋሎት ውስጥ ይቀራልና መርፌዋ ልትወርድ ትችላለች። ከፍ ብላ የነበረች መርፌ ያለ ምክንያት ድንገት ከወረደች አትደሰት፤ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው ሰዓት ያ ነው። ሌላም ምልክት አለ፦ ሞተሩ ጋለ እየተባለ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከሰጠህ፣ ማሞቂያው ጋ የሚደርስ ውሃ የለም ማለት ነው። እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች ደግሞ ጭራሽ መርፌ የለም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው። ቀዩ ሲበራ መካከለኛው ደረጃ አልፏልና ወዲያው ቁም።

4. ውሃ መጨመርን እንደ ጥገና አትቁጠረው።

የመኪና ማቀዝቀዣ ዝግ ሥርዓት ነው። ውሃው በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ይዞራል እንጂ አያልቅም። ሲሞቅ የሚተርፈው ወደ መጠባበቂያው የፕላስቲክ ጋን ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተስቦ ይመለሳል። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የምትጨምር ከሆነ የሚሄድበት ቦታ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ በየጠዋቱ የምትሞላው ውሃም በሽታውን እየደበቀልህ ነው።

የሚሄድበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው ወደ ውጭ ነው። ማታ ካርቶን ከሥር አንጥፍ፤ ጠዋት የጠብታውን ቦታ እይ። አንዳንዱ ፍሳሽ ሲሞቅና ግፊት ሲኖር ብቻ ይወጣና የጋለ ብረት ላይ ይተናል፤ መሬት አይደርስም። የሚተወው ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም የዝገት ቀለም ያለው መስመር ነው። የቱቦዎቹን ጫፍ፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ የሚጋጠምበትን ጠርዝ፣ የውሃ ፖምፓውን ሥር ፈትሽ። ፖምፓው ሆን ተብሎ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ከእርሷ የሚወርድ ውሃ የውስጡ መዝጊያ ማለቁን ይነግርሃል። በአንዳንድ ሞተሮች ፖምፓው ከታይሚንግ ቺንጋው ጀርባ ተደብቋልና ቺንጋው ሲቀየር አብሮ ማስቀየሩ ይሻላል። በጋቢናው በኩል ምንጣፉ ከረጠበና መስታወቱ በጣፋጭ ሽታ ከተጋረደ ደግሞ የሚያፈሰው የማሞቂያው ራዲያተር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ሲሊንደር፣ ሦስተኛው ወደ ዘይት ነው፤ ስለ ሁለቱ ወደ ታች እነግርሃለሁ። ደህና ጋራዥ በክዳኑ ቦታ የሚገጠም የእጅ ግፊት መሞከሪያ አለው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ ይነፋና ይጠበቃል። ግፊቱ ከወረደ ፍሳሽ አለ። በዓይን ከሚደረግ ግምት ሁሉ ይህን አስቀድም።

5. መቼ እንደምትሞቅ ልብ በል።

መካኒክ ፊት ቀርበህ «ትሞቃለች» ብቻ ብትል ግማሹን አልነገርከውም። መቼ? የት? የበሽታው ስም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይገኛል።

ሰልፍ ላይ ቆማ የምትሞቅና መንገድ ሲከፈትላት የምትበርድ ከሆነች ቬንትሌተሩን ጠርጥር። ስትሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል፤ ስትቆም ያ ሥራ የቬንትሌተሩ ብቻ ነው። የከፍታችን ቀጭን አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ እዚህ ደካማ ቬንትሌተር ቶሎ ይጋለጣል።

በተቃራኒው ሰልፍ ላይ ደህና ሆና፣ ከቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ ስትወጣ ወይም በፈጣን መንገድ ስትነዳ የምትሞቅ ከሆነ ችግሩ የውሃው ዝውውር ነው፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ፖምፓ፣ በሙሉ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ ወይም ፖምፓው ሲስብ ተጨፍልቆ የሚጣበቅ ያረጀ የታችኛው ቱቦ።

ተነሥታ ጥቂት ደቂቃ ሳትቆይ የምትሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም ውሃ የለም፣ ወይም ውስጡ አየር ታፍኗል። መርፌዋ ወዲያና ወዲህ የምትዋዥቅ ከሆነም ብዙ ጊዜ አየር ነው። ውሃ ከተቀየረ በኋላ አየሩን ማስወጣት ግድ ነው፤ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገህ አቁማት፣ ማሞቂያውን ክፈት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሣትና አረፋው እስኪያልቅ ቀስ እያልክ ሙላ። ውሃው መገንፈል ሳይጀምር ክዳኑን መልስ።

6. የክዳኑን ነገር አትናቅ።

ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ይህ ነው፤ በእኛ ከፍታ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ቀደም ብዬ የነገርኩህን ቁጥር አስታውስ። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ የተራ ውሃ መፍያ 92 ዲግሪ ላይ ይቀራል። የብዙ መኪኖች ቬንትሌተር ደግሞ የሚነሣው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። እንግዲህ ክዳኑ የሞተበት ራዲያተር ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሣ ሊፈላ ይችላል። ባለመኪናው ቬንትሌተር ይገዛል፣ ራዲያተር ያስጠርጋል፣ ጓርኒሲዮን ያስቀይራል፤ ጥፋቱ ግን የአንዲት ጎማና የአንዲት ሞላ ነበር።

ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን ፍታና ከሥሩ ያለውን ጎማ እይ። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ጠርዝ ከሠራ ቀይረው። መካከል ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭም በነፃነት መንቀሳቀስ አለባት፤ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ከጋኑ የምትመልሰው እርሷ ናት። እርሷ ከተጣበቀች ጠዋት ላይ ቱቦው ተጨማትሮ ታገኘዋለህ። አዲሱን ስትገዛ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። 0.9 ለተሠራ መኪና 1.1 ቢገጠምለት ይጠነክራል ብለህ አታስብ፤ ያረጀ ቱቦና ያረጀ ራዲያተር ያፈነዳል።

7. ቴርሞስታቱን አውጥተህ አትጣል።

በከተማችን «አያስፈልገውም፤ አውጥተን እንጣለው» የሚል ምክር የማይሰጥበት ሠፈር የለም። አትስማ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተር የሚያግድ በር ነው። በብዙ ቶዮታዎች 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ከወጣ ሞተሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሲሠራ ውሎ ሙቀቱን አያገኝም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በታችኛው ጫፉ ሌላ አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እርሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንዲበርድ ብለህ ያወጣኸው ነገር ዳገት ላይ ያሞቅብሃል።

ብትጠራጠረው ሞክረው። በክር አንጠልጥለህ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስገባው፤ የድስቱን ሥር አይንካ። እዚህ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የፋብሪካው መመሪያ በ95 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት ሊል ይችላል፤ የአዲስ አበባ ድስት ግን ከ92 ዲግሪ አካባቢ አያልፍም። ስለዚህ እዚህ የምትፈትነው መከፈት መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ ገጥሞ መዘጋቱን ነው። ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፈተ ብለህ ጤነኛውን አትፍረድበት። 88 ዲግሪ የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ በድስትህ ውስጥ ጥቂት ብቻ ነው የሚከፈተው።

8. ቬንትሌተሩንና የራዲያተሩን ፊት እይ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ በብዙ መኪኖች ኤሲውን ስታበራ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ የሙቀት ማብሪያውን፣ በመጨረሻም የቬንትሌተሩን ሞተር በቅደም ተከተል ፈትሽ። አንዳንዱ ኤሌክትሪሺያን ችግሩን ሳያገኝ በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ያስረዋል። ለአንድ ቀን መንገድ ያደርስሃል፤ እንደ ጥገና ግን አትቀበለው። ሽቦው ሲገለበጥ ደግሞ ወደ ኋላ ይዞርና ነፋሱን ይቃወማል፤ ወረቀት አስጠግተህ ወደ ራዲያተሩ መሳቡን አረጋግጥ። ሞተሩ ላይ የተገጠመ ቬንትሌተር ባላቸው አሮጌ ሚኒባሶችና ፒክአፖች ቺንጋው አለመላላቱን፣ የቬንትሌተሩ ፍሪሲዮን ሲሞቅ መያዙን እይ። ዙሪያውን የሚከብበው ፕላስቲክ በግጭት ጊዜ ተሰብሮ ሳይመለስ የቀረባቸው መኪኖች አሉ፤ እርሱ ከሌለ ቬንትሌተሩ በራዲያተሩ ውስጥ ሳይሆን በጎን ያለውን አየር ይስባል።

ራዲያተሩ በውጭም ይደፈናል። ካዛንቺስና አካባቢው ሲፈርስና ሲገነባ ከተነሣው አቧራ ብዙው በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል ተጠቅጥቋል። ከፊት ስታየው ንጹሕ ይመስላል። በቀስታ በሚወርድ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት አስጠርገው፤ የመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ግፊት ግን ስሱን ክንፍ አጣጥፎ ይዘጋዋል።

9. የምትጨምረውን ውሃ ምረጥ።

ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚመጣልን ውሃ ለመጠጥ ነው የተሰናዳው፤ በውስጡ የሟሙ ማዕድናት አሉት። በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ በሞተሩ ጠባብ የውሃ መንገዶችና በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችም ይጋገራል። አንዴ የተሞላና የተዘጋ ውሃ ያለውን ማዕድን ጥሎ፣ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ዝም ይላል። በየቀኑ የምትጨምረው ግን በየቀኑ አዲስ ማዕድንና አዲስ ኦክስጅን ይዞ ይገባል። ስለዚህ ያልተጠገነች ትንሽ ፍሳሽ ውሃ ከማባከን አልፋ ሞተሩን ከውስጥ ታዝገዋለች።

«አዲስ አበባ በረዶ አይሠራም፤ ኩላንት ለምን?» ይላሉ። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ የፖምፓውን መዝጊያ ይጠብቃል፣ የመፍያውንም ነጥብ ከፍ ያደርጋል። አምራቹ የሚለውን ዓይነት በተጣራ ውሃ፣ ማለትም ለባትሪ በሚሸጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ በግማሽ ቀላቅል። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ንጹሕ ቢሆንም ማዕድን አለውና አይተካውም። ቀለሙ ዓይነቱን አይነግርህም፤ አንዱ ፋብሪካ አረንጓዴ ያለውን ሌላው ቀይ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉን አንብብ እንጂ ቀለም እያመሳሰልክ አትቀላቅል። ከጊዜ በኋላ መከላከያው ይደክማልና የመኪናህ መመሪያ በሚለው ጊዜ አስቀይረው።

አንድ አደራ ልጨምርብህ። ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ግን መርዝ ነው። በመጠጥ ውሃ ላስቲክ አታስቀምጠው፤ ሕፃን ይጠጣዋል። አሮጌውን ወደ ቦይ አትድፋው፤ የሠፈራችን ቦይ መጨረሻው ወንዝ ነው።

10. ጓርኒሲዮኑን ሳታስመረምር አትፍረድበት።

ሞተር ሞቀ ሲባል ቶሎ «ጓርኒሲዮን በልቷል» የሚል መካኒክ አለ። አንዳንዴ እውነት ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ በተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ይደነድናል፤ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ በጭስ ማውጫው ይቀጥላል፤ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ነጣ ያለ ቅባት ይታያል። በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነጭ ጭስ፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና የዘይት መሙያ ክዳን ላይ የሚገኝ ትንሽ ነጭ ቅባት ግን የእርጥበት ነው፤ አትደንግጥለት።

ከመፈታቱ በፊት ማስረጃ ጠይቅ። የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ። በራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን ጋዝ የሚፈትን ሰማያዊ ፈሳሽም አለ፤ የቃጠሎ ጋዝ ሲያገኝ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ተረጋግጦ ከተፈታ ቴስታታው ቀጥ ባለ ማስመሪያ ይለካ፤ አምራቾች የሚፈቅዱት ጠማማነት ብዙ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ይላግ። አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ፤ ብሎኖቹም በእጅ ግምት ሳይሆን በኃይል መለኪያ ቁልፍና በተራቸው ይታሰሩ።

ከሁሉ በላይ ይህን አትርሳ፦ ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ የሙቀቱ ሰለባ ነው። ቬንትሌተሩ ወይም ክዳኑ ያጠፋውን ሳታገኝ ጓርኒሲዮን ብቻ ብታስቀይር አዲሱም እንደ አሮጌው ይሄዳል።

11. ከርካሹ ጀምር፤ የወጣውን ዕቃ ተቀበል።

ምርመራ ቅደም ተከተል አለው፦ የውሃው ልክ፣ ክዳኑ፣ ቱቦዎቹ፣ ቺንጋው፣ ቬንትሌተሩ፣ ቴርሞስታቱ፣ ራዲያተሩ፣ ፖምፓው፣ በመጨረሻ ጓርኒሲዮኑ። በዚህ መንገድ ስትሄድ ገንዘብህ ከበሽታው ቀድሞ አያልቅም። ባለሙያውን በአክብሮት ጠይቀው፤ «በምን አወቅህ?» ማለት ስድብ አይደለም፤ ሙያውን የሚወድ መካኒክ ሲያሳይህ ደስ ይለዋል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበል፣ አገላብጠህ እየው፣ ከእርሱ ትማራለህ። ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ዱቄትና ፈሳሽ ከበረሃ ሊያወጣህ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የማሞቂያውንና የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች እንዳይዘጋ በቶሎ አስጠርገው።

12. ከከተማ ስትወጣ አስቀድመህ አስብ።

የከተማ ሰልፍ ቬንትሌተሩን ይፈትናል፤ የአገር ቤት ዳገት ደግሞ ሌላውን ሁሉ። ወደ ጎጃም ስትሄድ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ ከዚያ በበረሃው ሙቀት ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣለህ። ከመነሣትህ በፊት በነበሩት ቀናት ውሃ ጨምረህ ከሆነ ሳታስመረምር አትሂድ። ዳገት ላይ ማርሽ ቀንስ፤ ሞተሩ ሳይጨነቅ ይዙር፣ ፖምፓውም ውሃውን በደንብ ይግፋ። ኤሲውን አጥፋ። መርፌዋ መውጣት ስትጀምር ሰፊ ቦታ ፈልገህ ዕረፍ፤ ቀዩን እስክትነካ አትጠብቅ። ለመኪናዋ የምትይዘው ውሃ ከተሳፋሪዎቹ መጠጥ የተለየ ይሁን።

13. በሳምንት አንድ ጠዋት ስጣት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ፣ ሳትነሣ በፊት ኮፈኑን ክፈት። የመጠባበቂያው ጋን ውሃ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን እይ። ቱቦዎቹን ጨምቃቸው፤ የተነፋ ወይም የደረቀ ካለ መዝግብ። ቺንጋውን ተመልከት፣ የዘይቱን ዘንግ አውጥተህ ቀለሙን እይ፣ ከሥር መሬቱን ቃኝ። የጨመርከውን ውሃ መጠንና ቀኑን በአንድ ደብተር ጻፍ። ያ ደብተር ነገ ለማያውቅህ መካኒክ ከብዙ ንግግር ይበልጥ ይነግረዋል። ነገ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ብትሻገርም ልማዱ አይጥፋብህ፤ የባትሪዋና የኃይል መቆጣጠሪያዋ ማቀዝቀዣ በብዙዎቹ ላይ ፈሳሽ ነው፣ ደረጃውም ይታያል።

ልጄ፣ ሞተር በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ጥቂት ውሃ ያጎድላል፣ ከዚያ መርፌውን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ ይፈላል፤ በየደረጃው ይናገራል። ውሃ ጨምረህ ዝም ካሰኘኸው ቀጥሎ የሚናገረው በቴስታታው ነው። ስለዚህ ውሃ በጎደለ ቁጥር ከመሙላትህ በፊት የት እንደሄደ ጠይቅ፤ መልሱን ሳታገኝም ነገሩን አትተው። መኪናህ ውስጥ የሰው ልጅ ይቀመጣል፤ እናቶች ወደ ሐኪም ቤት፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚደርሱት በአንተ ጥንቃቄ ነው። መንገድህን ያቅናልህ፤ ከነተሳፋሪህ በሰላም ያግባህ።